ማሪያ ሽናይደር ተዋናይት ነበረች

ይህችን መጣጥፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ተናጋሪው በዕድሜም በንባብም የሚበልጡኝ፣ ስለ ሲኒማ የማውቃትን ጥቂት ነገር ግማሹን ከእርሳቸው ጨዋታ የቃረምሁ፣ ዛሬም የማከብራቸው ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ጠቤ ከአነጋገራቸው እንጂ ከእርሳቸው አይደለም። አምስት ስድስት ሆነን ቡና እየጠጣን ሳለ ጨዋታው ወደ ፈረንሳይ ፊልም ዞረና እኔ የማሪያ ሽናይደርን ስም አነሳሁ። ጋሼ ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ ያቺ ቅቤ ባትኖር ኖሮ ማን ያስታውሳት ነበር?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም፣ መዋሸት አይገባኝምና፣ አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ አፌ ላይ የመረረኝ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1972 ኢጣሊያዊው ዳይሬክተር ቤርናርዶ ቤርቶሉቺ «የመጨረሻው ታንጎ በፓሪስ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። ሚስቱ ራሷን ያጠፋችበት አሜሪካዊ ጎልማሳና አንዲት ወጣት ፓሪሳዊት በአንድ ባዶ አፓርታማ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ስም መጠያየቅ ክልክል ነው፤ የሚያገናኛቸው ሥጋቸው ብቻ ነው። ጎልማሳውን የተጫወተው ማርሎን ብራንዶ ያን ጊዜ አርባ ስምንት ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ወጣቷን የተጫወተችው ማሪያ ሽናይደር ቀረጻው ሲጀመር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ሰውየው ልጅቷን በግድ የሚደፍርበት ትዕይንት አለ፤ የገበታ ቅቤው የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ቅቤው በፊልሙ ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። ዳይሬክተሩና ብራንዶ በቀረጻው ዕለት ጠዋት ቁርስ ላይ ሳሉ ያመጡት ሐሳብ ነው። ከእርሷ ሆን ብለው ደበቁት፤ በኋላ ራሷ እንደተናገረችው የሰማችው ካሜራው ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው ነው። ድርጊቱ የማስመሰል ነበር። እንባዋ ግን የእውነት ነበር።

ይህንን ሁሉ የተናገረችው እርሷው ናት። ለብዙ ዓመታት ደጋግማ፣ በ2007ም ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በግልጽ፣ እንደተዋረደች፣ በዳይሬክተሩም በብራንዶም የተደፈረች ያህል እንደተሰማት ተናገረች። ያን ጊዜ ወኪሏን ወይም ጠበቃዋን መጥራት ትችል እንደነበር፣ በጽሑፉ ውስጥ የሌለ ነገር ማንም ሊያስገድዳት እንደማይችል፣ ልጅ ስለነበረች ግን ይህን አለማወቋንም ጨምራ ገልጣለች። ዓለም አነበበና ገጹን ገለጠ። ሴትየዋ በየካቲት 2011 ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ቤርቶሉቺ ፓሪስ ላይ በተደረገለት ቃለ ምልልስ ነገሩን በገዛ አፉ አረጋገጠ፤ ያ ቪድዮ በ2016 ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደግሞ ዓለም «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል!» ብሎ ጮኸ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ባለቤቲቱ ስትናገር ወሬ ነበር፤ አድራጊው ሲናገር ማስረጃ ሆነ።

የቤርቶሉቺንም ቃል በአግባቡ ላቅርብ። በ2016 ጩኸቱ ሲበረታ፣ ልጅቷ ስለ መደፈሩ ትዕይንት ከጽሑፉ ታውቅ ነበር፣ አዲስ የነበረው ቅቤው ብቻ ነው ብሎ አስተባበለ። ይሁን፣ የእርሱን ቃል እንውሰድለት። እኔን የሚያንገበግበኝ ቀደም ሲል በ2013 የተናገረው ነው። ለምን እንደደበቃት ሲያስረዳ፣ የፈለገው የተዋናይትን ስሜት ሳይሆን የልጅቷን ስሜት እንደነበር ገለጠ። የበደለኛነት ስሜት እንዳለበት፣ ነገር ግን እንደማይጸጸት አከለበት። ሰዎች የያዙት «አልጸጸትም» ያለውን ነው። እኔ የያዝሁት የመጀመሪያውን ነው። ይህ ሰው አንዲትን ተዋናይት ቀጠረ፤ በተዋናይነቷ ውል አስፈረማት፤ ከዚያ ካሜራው ሲነሳ ተዋናይነቷን ወደ ውጭ አስወጥቶ በሩን ዘጋባት። ከደረሰባት ውርደት ሌላ ሙያዋም ተሰረቀ። የጋሼም ቀልድ ከዚሁ ስርቆት የተረፈ ነው፤ ቅቤውን የሚያስታውሱ ሰዎች እርሷን አንድ ነገር የደረሰባት ልጅ አድርገው እንጂ አንድ ነገር የሠራች ሰው አድርገው አያስታውሷትም።

«ለጥበብ ሲባል» የሚል መከራከሪያ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። እውነተኛ ለቅሶ ከተጠና ለቅሶ ይበልጣል፤ ታላቅ ከያኒ እውነትን በማንኛውም ዋጋ ይገዛል፤ ወዘተ። በዚህ ላይ ከመጽሐፍ ያልተማርሁትን አንድ ነገር ልናገር።

በወጣትነቴ በአንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርሁ። ትወናው ስላልሆነልኝ የተሰጠኝ ሥራ መጋረጃ መሳብ ነው። አባት ልጁን በጥፊ የሚመታበት አጭር ድራማ እናዘጋጅ ነበር። በልምምድ ጥፊው በአየር ላይ ያልፋል፤ ድምፁን የማወጣው እኔ ነኝ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እጄን አጨብጭቤ። ልጅቷ ጥፊውን ተቀብላ ፊቷን ወደ ተመልካቹ ቀስ ብላ ስታዞር፣ አገጯ ብቻ ሲንቀጠቀጥ፣ ከዚያ አንዲት እንባ ስትወርድ በየልምምዱ ጸጉሬ ይቆም ነበር። እንዴት እንደምታመጣው ብጠይቃት ሳቀችብኝ። በመክፈቻው ምሽት አዘጋጁ አባት ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ ጥግ ይዞ «ዛሬ የእውነት አቅምሳት፤ ለእርሷ ግን እንዳትነግራት» ሲለው ሰማሁ። ሰምቼ ዝም አልሁ። ጥፊው አዳራሹን አስተጋባ። ልጅቷ ሁለት እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጠችና ተንሰቀሰቀች። ሕዝቡ አጨበጨበ። የእኔም እጆች በዚያ ምሽት ሥራ ፈትተው ነበርና አጨበጨብሁ። በሳምንቱ ወደ ልምምድ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣችም።

በስንት ዓመቴ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የእውነቱ ለቅሶ እንደ ትወናም ሲታይ የወረደ መሆኑ ነው። የተመታ ሰው ይሸሸጋል፤ ፊቱን ይደብቃል፤ ስሜቱን ለማንም ማሳየት አይፈልግም። ተዋናይ ማለት ሌላው ሰው የሚደብቀውን ፊት በፈቃዱ ወደ ብርሃን የሚያዞር ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ደብቆ ሲያስለቅስ ስጦታውን ነጥቆ በምትኩ አደጋ ይቀርጻል። እንዲህ ያለውን ሰው አላዋቂ ልለው እችላለሁ፤ ደፋር አልለውም።

ቤርቶሉቺ ግን አላዋቂ አልነበረም፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። ከብራንዶ ጋር እንዴት እንደሠራ ተመልከቱ። ብራንዶ ከገዛ ሕይወቱ፣ ከልጅነቱና ከወላጆቹ ትዝታ እየቀዳ በራሱ ቃል እንዲናገር ፈቀደለት። ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስቀር የመረጠው ብራንዶ ነው። በሞተችው ሚስቱ አስከሬን አጠገብ ተቀምጦ የሚሰድብበት፣ የሚለምንበት፣ የሚያለቅስበት ትዕይንት በሲኒማ ካየኋቸው ታላላቅ ትወናዎች አንዱ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ፊልሙን አላየም። ብራንዶ ሙሉ እርቃኑን የታየበትን ቀረጻ ደግሞ ዳይሬክተሩ ቆርጦ አወጣው። ምክንያቱን ሲናገር፣ ራሱን ከብራንዶ ጋር አንድ አድርጎ ስለነበር እርሱን እርቃኑን ማሳየት ራሱን እርቃኑን ማሳየት እንደሆነበት ገለጠ። ሐፍረት ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለልጅቷ ነው ያጠረው። ያም ሆኖ ብራንዶም ከፊልሙ በኋላ እንደተበዘበዘ ተሰምቶት ዳይሬክተሩን ለረጅም ዓመታት አኩርፎታል፤ እርሱ ግን ሲያኮርፍ ከገቢው ድርሻውን ይዞ ነው። ማሪያ እንደተናገረችው የተከፈላት 4,000 ዶላር ያህል ነበር።

ከዚያ የሆነውን በአጭሩ ልለፍ። ፊልሙ በጥቅምት 1972 በኒው ዮርክ ፌስቲቫል ሲታይ ታዋቂዋ ሃያሲት ፖሊን ኬል ምሽቱን በ1913 የስትራቪንስኪ «የጸደይ ሥርዓት» ፓሪስ ላይ ከተከፈተበት ምሽት ጋር አወዳደረችው። ብራንዶና ቤርቶሉቺ ለኦስካር ታጩ፤ እርሷ አልታጨችም። ኢጣሊያ ውስጥ ፊልሙ በጸያፍነት ተከሰሰ፤ ከዳይሬክተሩና ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ተዋናዮቹም ተከሰሱ። በ1976 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ፤ እገዳው እስከ 1987 ቆየ። የተበደለችው ልጅ በጸያፍነት ከሳሽ ፊት ከበዳዩ ጎን ተከሳሽ ሆና ስትቀርብ ይታያችሁ! ሞራል ጠባቂዎቹም ጥበብ ጠባቂዎቹም አንድ ቦታ ላይ ተስማሙ፤ ስለ ገላዋ ተከራከሩ፣ እርሷን የጠየቃት የለም።

እኔም የዚያው ዓለም ሰው ነኝ። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በቪድዮ ካሴት፣ በር ዘግተን፣ ከጓደኞቼ ጋር ነው። ካሴቱ ብዙ ከመዞሩ የተነሳ ሥዕሉ ይዘላል። የምንፈልገውን ቦታ ለማግኘት ወደፊት እናስሮጠው ነበር። የብራንዶን ለቅሶ ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አሳልፈነዋል።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልምጣ። ቅቤው ባይኖር ማን ያስታውሳት ነበር? መልሱ አንድ ፊልም ነው፤ በ1973 ተቀርጾ በ1975 የወጣው የሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ ሥራ። ኢጣሊያኖቹ «ሙያ፦ ዘጋቢ» ይሉታል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «መንገደኛው»። ሎክ የተባለ ጋዜጠኛ (ጃክ ኒኮልሰን) በሰሐራ በረሃ፣ በቻድ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሞቶ ያገኘውን ሰው ፓስፖርት ወስዶ ያንን ሰው ይሆናል፤ ሟቹ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ኖሯል። ከዚያ ለንደን፣ ሙኒክ፣ ባርሴሎና፣ ደቡብ እስፔን። ማሪያ ሽናይደር በጋውዲ ሕንፃዎች ውስጥ የሚያገኛት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት። ለንደን ላይ ቀድሞ በጨረፍታ ታይታለች፤ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስታነብ። ስም የላትም። በስም ዝርዝሩ ላይ «ልጅቱ» ተብላ ነው የተጻፈችው።

ይህን ፊልም ሦስት አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በየጊዜው የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፦ ልጅቱ ታዳምጣለች። ትቀልዱ ይሆናል። ነገር ግን በሲኒማ ማዳመጥ ከመናገር የከበደ ሥራ መሆኑን የሞከረ ያውቀዋል። ሰውየው ክፍት መኪና ውስጥ እየነዳ ሳለ ከምን እንደሚሸሽ ትጠይቀዋለች። ጀርባሽን ለፊተኛው ወንበር ስጪ ይላታል። ትዞራለች፤ ከኋላቸው የሚሸሸውን መንገድ፣ በሁለት ወገን የተሰለፉትን ዛፎች ታያለች፣ ነፋሱ ጸጉሯን ይበትነዋል፤ ፊቷ ላይ መጀመሪያ ሳቅ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሳቁ ሳይጠፋ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። አንድ ቃል አልተናገረችም። የሰውየውን ሽሽት ሁሉ በዚያ ፊት ላይ አየነው። ይህ እንግዲህ ማንም ሳይደብቃት፣ ማንም ሳያታልላት የሠራችው ነው። የልጅ ስሜት ቀረጸ የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ፤ የተዋናይት ሥራ ነው።

በመጨረሻው የሆቴል ክፍል ውስጥ ደግሞ መስኮቱ ላይ ቆማ ውጭ የሚታየውን ትነግረዋለች። እርሱ የአንድ ዓይነ ስውር ታሪክ ያጫውታታል፤ አርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ዓይኑ በርቶለት መጀመሪያ ተደስቶ፣ ቀስ በቀስ ዓለም ያሰበው ያህል ውብ እንዳልሆነ ስላየ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ራሱን ስላጠፋ ሰው። እርሷ ትሰማዋለች። አንድ ሌላ ተዋናይት እዚህ ላይ እንባ ታመጣ ነበር። ማሪያ አታመጣም። ከዚያ ይወጣታል፤ ከዚያም ያ ሰባት ደቂቃ ገደማ የማይቆረጠው ዝነኛ ቀረጻ ይመጣል፤ ካሜራው ቀስ ብሎ በመስኮቱ ብረቶች መካከል አልፎ ወደ አደባባዩ ይወጣል፤ አቧራው፣ አዛውንቱ፣ ውሻው፣ ወዲያ ወዲህ የምትለው የመንጃ ትምህርት ቤት መኪና፣ በመካከላቸውም ወዴት እንደምትሄድ ያላወቀችው ልጅቱ። ካሜራው ዞሮ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ሰውየው ሞቷል። ፖሊሱ ሚስቲቱን ታውቂዋለሽ ወይ ሲላት፣ አላውቀውም ነበር ትላለች። ልጅቱን ሲጠይቃት፣ አዎን ትላለች። ያቺ አንዲት ቃል የተባለችበት ድምፅ ጉራም ለቅሶም የለበትም። ብዙ ሰው ስለ ካሜራው ጥበብ መጽሐፍ ሙሉ ጽፏል። ስለዚያች «አዎን» የተጻፈውን ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም።

እርሷ ራሷ የምትወደው ሥራ ይህ ነበር። በ1983 በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ሲደረግላት ስለ «ታንጎ» መናገር እንደማትሻ ገልጣ ወሬው ወደ አንቶኒዮኒ ፊልም እንዲዞር ሞክራ ነበር። ሰው የገዛ ታሪኩን ምዕራፍ ለመምረጥ ሲለምን ማየት ያሳፍራል።

«ከዚያ በኋላስ ምን ሠራች? ሥራ የሚጥል፣ ሱስ ያለባት፣ ዳይሬክተር የማትሰማ ነበረች» የሚሉኝ አሉ። ቅድስት ላደርጋት አልመጣሁም። ሄሮይን ነበረ፤ ከአንዴም በላይ ከሞት ተርፋለች፤ ቀረጻ ጥላ ሄዳለች። በ1977 ሉዊስ ቡኙኤል የመጨረሻ ፊልሙን ከእርሷ ጋር ጀምሮ አልተግባቡምና አሰናበታት፤ በቦታዋም ካሮል ቡኬንና አንኼላ ሞሊናን፣ አንዲቱን ሴት ሁለቱ እየተፈራረቁ እንዲጫወቱ አደረገ። ይህ የቡኙኤል ብልሃት ተብሎ እስከ ዛሬ ይወደሳል። እኔ ደግሞ በማሪያ ቦታ ሁለት ሰው መግባቱን አስታውሳችኋለሁ። «ካሊጉላ» ከተባለውም ፊልም ወጥታለች፤ እርቃን መታየቱን እምቢ ብላ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እምቢታ «ችግር ያለባት ሴት» የሚል ስም ያሰጥ ነበር። ያ ፊልም በመጨረሻ ምን ሆኖ እንደወጣ ያየ ሰው፣ ከችግረኞቹ መካከል ችግር ያልነበረባት ማን እንደነበረች ይፍረድ።

ይህንን እምቢታ ከንዴት ብቻ የመጣ አድርገው ለሚያዩ አንድ ሌላ ሰነድ አለኝ። ተዋናይት ደልፊን ሴይሪግ በ1970ዎቹ አጋማሽ ካሜራ ይዛ ከሃያ በላይ የሙያ ባልደረቦቿን ስለ ሥራቸው ጠየቀች፤ ዘጋቢ ፊልሙ «ቆንጆ ሁኚ፣ ዝም በይ» በሚል ርእስ በ1981 ወጣ። ማሪያ አለችበት። የሃያ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ ናት፤ አረጋግታ ትናገራለች። ፊልም የሚጽፈውም፣ ገንዘቡን የሚያወጣውም፣ የሚመራውም ወንድ መሆኑን፣ ለእርሷ የሚላክላት የእብድና የገዳይ ሴት ቦታ መሆኑን፣ አብረዋት የሚጫወቱት ወንዶች በዕድሜ እጅግ የሚበልጧት መሆኑን ትዘረዝራለች። ዛሬ ይህን የሚናገር ሰው ጭብጨባ ያገኛል። እርሷ የተናገረችው ጭብጨባ በሌለበት ጊዜ ነው፤ ተናግራም ሥራ አጣችበት።

ቢሆንም ሠራች። በ1979 በኔዘርላንዳዊቷ ዳይሬክተር ኑሽካ ፋን ብራክል «እንደ ሔዋን ያለች ሴት» ውስጥ ተጫወተች፤ በሴት የተመራ ፊልም ነው። በዚያው ዓመት በዳንኤል ዱቫል «ላ ዴሮባድ» ውስጥ የሴተኛ አዳሪነት ኑሮ የሚገፉ ሴቶች ታሪክ ላይ ከሚዉ ሚዉ ጎን ቆመች፤ በረዳት ተዋናይትነት ለሴዛር ሽልማት ታጨች። ዣክ ሪቬት ቀረጻት። በ1992 በሲሪል ኮላር «አስፈሪ ሌሊቶች» ውስጥ በትንሽ ቦታ ታየች። ሃምሳ ያህል ፊልም ነው በጠቅላላው፤ አብዛኛው መካከለኛ ነው፣ ጥቂቱም ባይሠራ ይሻል የነበረ ነው። ይህን ሁሉ ፊልም ሠርቶ ሁሉ ላይ የሚያበራ ተዋናይ ማን አለ?

አንዱን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1996 ፍራንኮ ዜፊሬሊ «ጄን ኤር»ን ሲሠራ ማሪያን ለበርታ መረጣት፤ በሰገነት ላይ ተቆልፎባት የምትኖረውን እብድ ሚስት እንድትጫወት። በሴይሪግ ካሜራ ፊት የእብድ ቦታ ብቻ ነው የሚሰጡኝ ብላ ከተናገረች ሃያ ዓመት ገደማ አልፏል። አሁንም እብድ፣ ያውም የተቆለፈባት። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምትታየው። ይህን ምርጫ ያደረገ ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ እኔ ግን ያንን በር ሲከፍቱት ማየት አልወደድሁም።

በመጨረሻ ዘመኗ በችግር ላይ የወደቁ አረጋውያን ተዋንያንን በሚረዳ ማኅበር ውስጥ በኃላፊነት አገልግላለች። አባቷ ተዋናዩ ዳንኤል ዤላን በልጅነቷ አላሳደጋትም፤ የያዘችው የእናቷን ስም ነው። የተጣሉትን መደገፍ ለእርሷ ከሩቅ የመጣ ነገር አልነበረም። በ2010 የፈረንሳይ መንግሥት የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሰጣት። በቀጣዩ ዓመት በሃምሳ ስምንት ዓመቷ በካንሰር ሞተች። የሞት ዜናዋ ሲነገር ከስሟ ጋር የተጠራው ፊልም የትኛው እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል?

ከ2016 ወዲህ ነገር ተለውጧል ይሉኛል። አዎን፣ በከፊል። በ2022 ኤሊዛቤት ሱብሪን ያንን የ1983 ቃለ ምልልስ በሦስት ተዋናዮች አፍ ደግማ የሠራችው አጭር ፊልም በቀጣዩ ዓመት ሴዛር አገኘ። በ2024 ጄሲካ ፓሉ «ማሪያ» የተሰኘ ሙሉ ፊልም አወጣች፤ አናማሪያ ቫርቶሎሜይ ናት የምትጫወተው። ሁለቱንም በደግ ዓይን ነው ያየሁት፤ የሱብሪንን ይበልጥ፤ ምክንያቱም የምታሳየን ስታስብና ስትናገር ነው። የፓሉ ፊልም በቅን ልቡና የተሠራ ነው፤ ቀረጻውን ከካሜራው ጀርባ ሳይሆን ከልጅቷ ፊት ጋር ሆኖ ያሳየናል። ነገር ግን እርሱም የሚሽከረከረው በዚያው አፓርታማ ዙሪያ ነው። ስንት ጊዜ ነው እዚያ ክፍል ውስጥ የምናስገባት? የሚሳለቀውም የሚያለቅሰውም ዞሮ ዞሮ ካሴቱን ወደዚያችው ቦታ ያስሮጠዋል።

በታኅሣሥ 2024 የፓሪሱ ሲኔማቴክ ለብራንዶ በተዘጋጀ የመታሰቢያ ዝግጅት «ታንጎ»ን ሊያሳይ ነበር፤ ተቃውሞ ተነሣና ሰረዘው። ጓደኞቼ በዚህ ጉዳይ ከየትኛው ወገን እንደሆንሁ ይጠይቁኛል። ከሰራዦቹ ወገን አይደለሁም። ፊልም ማጥፋትን በ1976 አይተነዋል፤ ያ ፍርድ ለማሪያ ያተረፈላት ነገር የለም። ተውት፣ አሳዩት የሚሉትም ግን ልባቸውን ይመርምሩ። የብራንዶ መታሰቢያ ተዘጋጀ፤ የቤርቶሉቺም ተዘጋጅቶ ያውቃል። የማሪያ ሽናይደርን አዘጋጁ! ስሟን በትልቁ ጻፉት። ማክሰኞ «መንገደኛው»ን፣ ረቡዕ «ላ ዴሮባድ»ን፣ ሐሙስ የሴይሪግን ዘጋቢ ፊልም አሳዩ፤ ሰው ተዋናይቷን ካወቃት በኋላ ዓርብ ማታ «ታንጎ»ን ካሻችሁ አምጡት፤ በዚያን ጊዜ ብራንዶ ብቻውን እንዳልተጫወተ፣ ባልተታለለችባቸው ትዕይንቶች ውስጥ ያቺ ልጅ ከዓለም ታላቅ ተዋናይ ፊት ለፊት ቆማ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተሸነፈች ይታያል። እስከ ዛሬ ይህን ያላየነው እኛ ሌላ ነገር ስንፈልግ ስለነበር ነው።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ በሳምንቱ «መንገደኛው»ን በፍላሽ ገልብጬ ጋሼ ቤት ድረስ ወሰድሁላቸው። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። የመኪናዋን ቦታ ብቻ እዩልኝ አልኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ፍላሿን አገላብጠው አዩና ኪሳቸው ውስጥ ጨመሯት። ሦስት ሳምንት ሆነ። ሁለት ጊዜ ቡና ላይ ተገናኝተናል፤ ሌላ ሌላውን አጫወቱኝ፤ ፍላሿን አልመለሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም።